«ቲቸር፣ ጨረስኩ!»

ለትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ የተማሪ ካርድ ቅጽ ለምታዘጋጁ፣ ክፍል ለምትጎበኙ ሱፐርቫይዘሮች፣ እንዲሁም ማታ ማታ የልጅ ደብተር ለምታገላብጡ ወላጆች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከክፍሉ ቀድመው ስለሚጨርሱ ልጆች

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጠመኔ ከያዝኩ ዘንድሮ 22 ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ የምጽፍላችሁ ነገር ከዚህ ቁጥር ጋር ስለሚያያዝ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለ52 ልጅ ስታካፍሉት ለአንዱ 46 ሰከንድ ይደርሰዋል። እሱም ስም ሳልጠራ፣ ሰሌዳ ሳላጠፋ፣ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ለሚለው ሳልፈቅድ ነው።

ይህቺ 46 ሰከንድ ለማን ትሂድ? ለምደነዋል። ላልገባው ልጅ ትሄዳለች። ትክክልም ነው። ማጠናከሪያ የምንሰጠው ለእሱ ነው፣ ወላጅ የምንጠራው ስለ እሱ ነው፣ ስብሰባ ላይ የምናነሳውም እሱን ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላኛዋ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ 8ኛውን ጥያቄ ስጽፍ፣ ከኋላዬ «ቲቸር፣ ጨረስኩ!» ስለምትለው።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። የክፍሏ ልጆች ራሳቸው «ጨረስኩ» የሚል ቅጽል አውጥተውላት ነበር። እኔም እዚህ በዚሁ ልጥራት። ክፍልፋይ እየተማርን ነው። አሥር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ይሠራሉ። እሷ አትገለብጥም። እኔ ጥያቄውን ስጽፍ እሷ መልሱን እየጻፈች ትከተለኛለች። ዞር ስል ደብተሯ ተከድኗል። ላጲሷን በእስክሪብቶ ጫፍ እየወጋጋች ወንፊት አድርጋዋለች።

ምን አደረግኩላት? እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ሰሌዳ አስጠፋኋት። ቀጥሎ የጓደኞቿን ደብተር አሳረምኳት። ከዚያ የክፍል አለቃ አደረግኳትና የሚረብሹ ልጆችን ስም አስጻፍኳት። ባጭሩ፣ ደሞዝ የሌላት ረዳት መምህርት ሆነች። አንዳንዴ ደግሞ «ጎበዝ! በይ እንግዲህ ከመጽሐፉ ያሉትንም ሥሪ» እላታለሁ። ያው ክፍልፋይ፣ ያው ዓይነት ጥያቄ፣ ሌላ ሃያ። ቶሎ ስለጨረሰች ቀጣኋት ማለት ነው። ልጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ጨረስኩ» ማለት ተወች። እኔ ክፍል ውስጥ ያን ሰሞን የተማረችው አዲስ ነገር ቀስ ማለትን ነው።

የአንድ ለአምስት ዘመን ትዝ ይላችኋል? አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ አምስት ሌሎች። ልጅ ለልጅ ሲያስረዳ ጥሩ ነው፤ አስረጂውም ይጠቀማል። ግን አንዱ ልጅ ሁልጊዜ አስረጂ፣ ሁልጊዜ አራሚ ከሆነ እሱ ራሱ መቼ ነው የሚማረው? ይህን የጠየቀ ሰው ስብሰባ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ የካቲት ገባና የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ታደለ። «ጨረስኩ» 2ኛ ወጣች። አማካይዋ 97.4 ነው። አንደኛ የወጣው ልጅ 97.6። በማግስቱ ካርዱን አስፈርማ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን እናቷን አስጠራሁ። ካርዱ የት ተገኘ መሰላችሁ? ሒሳብ ደብተሯ ሽፋን ውስጥ፣ በጋዜጣውና በፕላስቲኩ መሃል ተሸጉጦ። እናትየዋ «ምን አጎደልኩብሽ?» ብላ አለቀሰች። ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ፊቷ ሳይለወጥ «ቲቸር፣ ሁለተኛ ከወጣሁ ጎበዝ አይደለሁማ?» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ስለዚያች 2.6 አሰብኩ። ከመቶ የጎደለችው ምንድን ናት? ይህች ልጅ ምኑን ነው ያላወቀችው? በማግስቱ ጠየቅኳት። አታውቀውም። ሮስተሬን ገለጥኩ። እኔም አላውቀውም። ካርዱም አይናገርም። ካርዱ የሚያውቀው ከ52 ልጅ ስንተኛ እንደሆነች ብቻ ነው።

ደረጃ ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ለማየት የ2015ን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። ከ1 ሺህ 300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዱ ግን አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበረ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ተጨብጭቦለታል። ደብተርና እስክሪብቶ ተሸልሟል። እናቱ እልል ብላለታለች። ያ ልጅ ለ12 ዓመት ከጎኑ ካሉት ልጆች እንደሚበልጥ ተነገረው እንጂ የቱ ጋ እንደደረሰ የነገረው የለም።

«ጎበዝ» የምትለውን ቃልም ትንሽ ልክሰሳት። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1998 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት አለ። የ5ኛ ክፍል ልጆች እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች እንዲሠሩ ተደረገ። ሁሉም ተመሰገኑ። አንዳንዶቹ «ብልህ ብትሆኑ ነው» ተባሉ፤ ሌሎች «ብትጥሩ ነው» ተባሉ። ቀጥሎ ከበድ ያለ ጥያቄ ተሰጣቸው፣ ሁሉም ተቸገሩ። በሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀለል ያለ ሲሰጣቸው «ብልህ» የተባሉት ውጤታቸው ከመጀመሪያውም ወረደ። «ጣራችሁ» የተባሉት ተሻሻሉ። ይባስ ብሎ፣ ውጤታችሁን በሌላ ትምህርት ቤት ላለ ልጅ ጻፉለት ሲባሉ «ብልህ» ከተባሉት ወደ 40 በመቶው ዋሽተው ከፍ አድርገው ጻፉ። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ያ ደብተር ሽፋን ውስጥ የተሸጎጠ ካርድ ነው።

አባቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። ልጅ ሆኜ ካርድ ይዤ ስመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይለኛል። እሱ ብቻ «ምን ላይ ደረስሽ?» ነበር የሚለኝ። ያኔ ነገሩ ያልገባው ይመስለኝ ነበር፣ አፍርበትም ነበር። አሁን ነው የገባኝ። የኔታ ዘንድ አንደኛ የሚባል የለም። አንዱ ልጅ ሀሁ ይቆጥራል፣ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ወዲያ ያለው መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዛፉ ሥር ያለው ዳዊት። ንባቡም የራሱ መሰላል አለው፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ልጁ በስንጥር እየጠቆመ ያለበትን ያነባል። ካወቀው ዛሬውኑ ይሻገራል። ካላወቀው ነገም እዚያው ነው። ቅኔ ቤትም ቢገባ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ዘሎ መወድስ አይቆጥርም። የወሎ ጓደኛዬ ደግሞ ስለ ቁርዓን ቤት ስትነግረኝ፣ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈልህን ሳትይዝ ሉሁ አይታጠብልህም ትላለች። ሉሁ ከታጠበ ተሻግረሃል ማለት ነው። ስንተኛ እንደሆንክ ሳይሆን የት እንደሆንክ አንተም ታውቃለህ፣ መምህርህም ያውቃል፣ እናትህም ታውቃለች። (ልምጩን ለማወደስ አይደለም። አባቴም ልምጩን ሲያነሱበት ጀርባውን ያክከዋል።)

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም የራሱ መላ ነበረው፤ ደብል መምታት። አጎቴ ከ2ኛ ወደ 4ኛ ክፍል ደብል መትቷል። እስከ ዛሬ ይፎክርበታል። የ7 ብዜት ላይ ግን እስከ ዛሬ ይደናገራል፤ 3ኛ ክፍል ላይ ነበረቻ! ስለዚህ ልጅ እናስዘልል እያልኩ አይደለም።

ወደ «ጨረስኩ» ልመለስ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁላት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። አሁን የት ነኝ? የት መድረስ እፈልጋለሁ? መድረሴን በምን አውቃለሁ?

«ግብሽን ጻፊ» አልኳት። «ዶክተር መሆን» ብላ ጻፈች።

«እሱ የዛሬ 15 ዓመት ነው። እስከ አርብስ?»

አሰበች። «100 ከ100 ማግኘት።»

«እሱ ደግሞ ያንቺ ሳይሆን የእኔ ነው። ቀላል ፈተና ካወጣሁ ታገኚያለሽ፣ ከባድ ካወጣሁ አታገኚም።»

አፍጥጣ አየችኝ። እንዲህ ብሏት የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም። «የማታውቂው፣ ግን ማወቅ የምትፈልጊው ነገር ምን አለ?» አልኳት። መልስ ለማምጣት ሦስት ቀን ወሰደባት። ለሒሳብ ጥያቄ ሦስት ሰከንድ የማይፈጅባት ልጅ!

በሦስተኛው ቀን «እናቴ ጠዋት ታክሲ እያጣች ሥራ ታረፍዳለች። ስንት ሚኒባስ ወደ ሜክሲኮ እንደሚሄድ መቁጠር እፈልጋለሁ» አለች። መድረሷን በምን እንደምታውቅ ስጠይቃት ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ «የአምስት ቀን ቁጥር በሠንጠረዥ ካለኝና እናቴ ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባት መናገር ከቻልኩ።» ብዙ ዓመታዊ ዕቅድ አንብቤያለሁ፣ ጽፌያለሁም። እንዲህ ጥርት ያለ ግብ ያለበት አላስታውስም።

ጠዋት ከ12:30 እስከ 1:15፣ ከአክስቷ ሱቅ በረንዳ ላይ ሆና ቆጠረች። ሰኞ 61 ሆነ። ማክሰኞ 118። አላመነችውም። ለካ ማክሰኞ የሚመለሱትንም ቆጥራለች። ረቡዕ ደግሞ አንዱ ሚኒባስ ቅርብ ላይ አዙሮ ሁለት ጊዜ ማለፉን ጠረጠረች። ስለዚህ የታርጋውን የመጨረሻ ሁለት ቁጥር መያዝ ጀመረች። ሐሙስ ዕለት አልሆነላትም፤ ተከታትለው ሲመጡ አንብቦ መጻፍ አይደርስም። ደብተሩ መጨረሻ ላይ «ያልቻልኩት» የሚል ገጽ አበጅተን ነበር። እዚያ ላይ በዚያ ደቃቃ ጽሑፏ «ቶሎ ቶሎ ሲመጡ ታርጋ ማንበብ አልቻልኩም» ብላ ቀኑን ጻፈችበት። አርብ የአክስቷን ልጅ ይዛ ወጣች። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ሰኞ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

እባካችሁ እዚህች ገጽ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። ይህች ልጅ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የማይሆንላት ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ገጥሟት አያውቅም። የመጀመሪያዋ «አልቻልኩም» የመጣችው የካቲት ላይ፣ በካርድ መልክ፣ ምክንያቷ ሳይነገር ነው። ስለዚህ ደበቀቻት። ይህችኛዋን ግን ራሷ ጻፈቻት፣ ቀን ሰጠቻት፣ በማግስቱ መላ አበጀችላት። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሳይ ቀድሜ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ያልቻልኩት» ላይ ምንም ካልተጻፈ ግቡ ለልጁ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ከፍ እናደርገዋለን። በየአርቡ እየሞላ ከሄደ ደግሞ በዝቶበታል፤ ቆርሰን እናሳንሰዋለን።

ውጤቱን መናገሬን ረሳሁት። ከ12:50 በፊት የሚያልፈው ሚኒባስ ከዚያ በኋላ ከሚያልፈው ይበዛል። እናትየዋ አሁን 12:40 ላይ ከቤት ትወጣለች።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፣ እናንተም እንዳትደግሙት። ነገሩ ሲጥመኝ ጊዜ አራት ጎበዝ ልጆች መርጬ በመስኮቱ በኩል ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ደብተር የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ እኛ ደደቦቹ ምን እንሥራ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። በነጋታው ያንን ጠረጴዛ በተንኩት። ደብተሩን ለሚፈልግ ሁሉ ፈቀድኩ። ደብተር መግዛት የማይችል ካለፈው ዓመት ደብተሩ የተረፉ ሉኮችን ሰፍቶ መጣ። የአንዱ ልጅ ግብ ሳይንተባተብ አንድ አንቀጽ ማንበብ ነው፤ የሌላዋ አንድ ተረት ከራሷ አውጥታ መጻፍ። ለሁሉም ሦስቱ ጥያቄዎች ያው ናቸው።

እንዲህ ስላደረግኩ ነው አንዱን ልጅ ያገኘሁት። ደረጃው 34ኛ ነው። ደብተሩ ይቆሽሻል፣ የቤት ሥራ አይሠራም፣ ከትምህርት በኋላ እናቱን ጉሊት ያግዛል። አንድ ቀን «ቲቸር፣ በዜሮ ለምን አይካፈልም?» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ 46 ሰከንዴ አልቆብኝ «ሕግ ነው፣ ዝም ብለህ ያዘው» አልኩት። ደብተር ሲፈቀድለት ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «በዜሮ ለምን እንደማይካፈል ማወቅ።» ከሥሩ ስድስት ብርቱካን ስሏል። «ለ2 ሰው 3፣ 3 ይደርሳል። ለ1 ሰው 6። ማንም ሰው ከሌለ ብርቱካኑ እኔው ጋ ይቀራል። ታዲያ መልሱ 6 ነው?»

ጆሴፍ ሬንዙሊ የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ በ1978 በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዳለው፣ ልዩ ተሰጥኦ የሦስት ነገር መገናኛ ነው፤ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና ለያዙት ሥራ መትጋት። ፈተናዬ የመጀመሪያውን በግማሽ ይለካል። ሌሎቹን ሁለቱን ጨርሶ አያያቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሌላ የሆነ ስንት ልጆች አሉ። የሚያውቁትን በአማርኛ መናገር ስላልቻሉ ብቻ ከ40ኛ በታች የሚወጡ። አንደኛ የወጣውን ብቻ እየመረጥን ተሰጥኦ አገኘን ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

ሬንዙሊ አንድ የሚጠቅም መላም አለው። ምዕራፉን ከመጀመርህ በፊት ልጆቹን ፈትናቸው። የሚያውቁትን አትድገምባቸው። በተረፈው ጊዜ ሌላ ሥራ ስጣቸው ነው የሚለው። እኔ በራሴ መንገድ እንዲህ አደርገዋለሁ። ከምዕራፉ መጨረሻ አምስት ጥያቄ አወጣና በመጀመሪያው ቀን እሰጣለሁ። አራቱን የመለሰ ልጅ ከልምምዱ ግማሹ ይቀነስለታል። በዚያ ሰዓት ደብተሩ ላይ ይሠራል። ያልመለሳትን አምስተኛዋን ግን ይማራል። አጎቴን ያጎደለችው እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ፣ ክቡራን ኃላፊዎች። በጀት አልጠይቅም። አዲስ ፖሊሲ አውጡም አልልም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ ጽፎት ነበር። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ኮሌጅ እያለን ስለ ልዩ ፍላጎት ተምረናል፤ የተሰጥኦዋ ምዕራፍ ፈተና ላይ አንዲት ጥያቄ መጣችባት፣ መለስን፣ ረሳናት።

የምጠይቀው ቦታ ነው። ካርዱ ላይ «ደረጃ» ከምትለው ሳጥን አጠገብ ሁለት መስመር ክፍት ተዉልን። አንዷ ላይ ልጁ ራሱ በዚህ ሴሚስተር የደረሰበትን ይጻፍ። ሌላዋ ላይ ቀጥሎ የት መድረስ እንደሚፈልግ። የመምህር አስተያየት ተብሎ የተተወው ቦታ አለ አትበሉኝ። እዚያ ላይ ምን እንደምንጽፍ ታውቃላችሁ። «ጎበዝ ናት፣ በዚሁ ትቀጥል።» 52 ጊዜ እየጻፍን ሌላ ቃል አይመጣልንም። ከተቻለ ደግሞ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ የደረጃዋን ሳጥን አጥፏት። ይህኛው እንደሚያከራክር አውቃለሁ፤ መምህራን ራሳችን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አልተስማማንበትም።

ሌላው የጉብኝቱ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ክፍሌን ሊጎበኝ የመጣ ሰው የትምህርት ዕቅዴን ገልጦ «ይህቺ የአርብ 10 ደቂቃ ከየትኛው ምዕራፍ ናት?» አለኝ። ደብተሮቹን የምናወጣባት ሰዓት ናት፤ ከየትኛውም አይደለችም። «ከዕቅድ ውጭ» ብሎ ጻፈብኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲወጣ እንዲያውም የሚኒባሱን ግራፍ ቆሞ አንብቦት ነበር። የያዘው ቼክሊስት ላይ ቦታ ስለሌላት ነው። ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር በተግባር ተከታታይ ፈተና ሆኗል። በየሁለት ሳምንቱ ከአሥር፣ ከአሥር፣ ከሃያ። ቼክሊስቱ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ምን እየሠራ ነው? ጎብኚው ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ያቅርባት። መልሱ «ሰሌዳ እያጠፋሁ» ከሆነ ጻፉብን።

ለወላጆች አጭር ነው። አስጠኚ ቀጥራችሁ የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ አታስጀምሩልኝ። ዓመቱ ሲደርስ እኔ ጋ ወይም ጓደኛዬ ጋ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ላጲስ የሚወጋው እሱ ነው። ደብተሩንም ለልጁ ተዉለት። አንዱ አባት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «በሁለተኛው ሴሚስተር አንደኛ እወጣለሁ» ብሎ ጽፎ ልኮልኛል። ገጹን ሳልቀድ አልቀረሁም። ማታ እራት ላይ ስንተኛ እንደወጣ ሳይሆን ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁት። ካልገባው ድገሙለት። እኔም እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ማየት ለምትፈልጉ በራችን ክፍት ነው። አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ለመውጫ ደወል 10 ደቂቃ ሲቀረው ደብተሮቹ ይወጣሉ። ጸጥታ አትጠብቁ። አንድ የእኔ ደብተርም አለ፤ ልጆቹ አስገድደውኝ ነው። የእኔም «ያልቻልኩት» ገጽ እየሞላ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦

ለ«ጨረስኩ»፣ አሁን 6ኛ ክፍል።

ለጉሊቱ ልጅ። 6 ጊዜ 0 ዜሮ ስለሆነ መልሱ 6 ሊሆን አይችልም ስልህ፣ «ታዲያ ብርቱካኖቹ የት ገቡ?» ብለኸኛል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። አርብ እንነጋገራለን።